ሙሉ ዶሮ በፈላ ዘይት

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሽቶና ቸኮሌት ይዞ ቢመጣ ምን ነበረበት? የአክስቴ ልጅ ግን አምሮት ይዞ መጣ። እዚያ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ የምስጋና ቀን ነው፤ ቱርክ የሚሉት ትልቅ ወፍ ይበላል፤ አንዳንዱም ከነሙሉ አካሉ በዘይት ይጠብሰዋል። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚወድቅ፣ የእኛ ጿሚ ሽታውን ከጎረቤት ሲምግ ይከርማል። እናም ጥር 23ን፣ የአገው ፈረሰኞችን በዓል፣ ሊያይ እንጅባራ ሲመጣ የዓመት አምሮቱን ሊወጣ ቆረጠ። ቱርክ ከየት ይምጣ? አውራ ዶሮ ተተካ።

«አሥራ ሁለት ብልት ያለውን ዶሮ እንዳለ? ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ለማን ምኑን ላወጣ ነው?» አለች አክስቴ። እያጉረመረመች ግን በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ ሰጠችው።

ግቢ ውስጥ የፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ተቀጣጥሏል። ትልቁ ድስት እስከ አፉ ዘይት ጠጥቷል። ልጁ ሲጠብስ ያስተምራል፦ ዘይቱ 175 ዲግሪ ይደርሳል፤ የዘይቱ መጠን አስቀድሞ ዶሮውን ድስቱ ውስጥ በውኃ ነክሮ ይታወቃል፤ ዶሮው ሆዱ ሳይቀር ይደርቃል፤ ሲገባ ጋዙ ይጠፋል። ሁሉንም አወራ፤ አንዱንም አላደረገም። ጋዝስ ቁልፍ አለው፤ ከሰል በምን ይጠፋል?

ዶሮው ገባ። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል፤ በዶሮው ሆድ የተደበቀው ውኃም ዘይቱን አረፋ አድርጎ ሽቅብ ገፋው። እንደ ወተት ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰና ነበልባሉ ድስቱን ዋጠው። አንዱ እንግዳ ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ፣ «ውኃ እንዳታፈስ! ልትፈጀን ነው?» ስትል አክስቴ ጮኸች። ከማድ ቤት የቆርቆሮውን አክንባሎ አንሥታ እንደ ጋሻ ከፊቷ ይዛ ተጠጋች፤ ከጎን አንሸራታ ድስቱ ላይ ደፋችው። መሬት ላይ የሚነደውን በአመድ ቀበረችው። እሳቱ አየር አጣና ጠፋ። ክዳኑን እስኪቀዘቅዝ ማንም እንዳይነካው ከለከለች።

ዶሮው ውጭው ከሰል፣ አጥንቱ ሥር ቀይ ሆኖ ወጣ። አክስቴ የከሰለውን ገፍፋ፣ በየብልቱ አውጥታ፣ ቁሌቱ ውስጥ ጨመረችው። ማታ ሁሉም እንደ ማዕረጉ ደረሰው።

እንዲህ ያለ አምሮት ያለባችሁ ዶሮውን በየብልቱ አውጡት፣ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ጥረጉት፤ ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ልጆችን አርቁ፤ ክዳን ከእጃችሁ አይራቅ። ዘይት ከነደደ ደግሞ ክደኑት እንጂ ውኃ አታስጠጉት።