ልጅዎን ከፊደል የማጣላት ዘዴ

መጀመሪያ ከገበያ ትልቁን የፊደል ገበታ ይግዙ። ቨን ሳይጨምር ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ሲሆን 231 ሆሄ ይሞላል። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት የአራት ዓመት ልጅዎ ፊት ይዘርጉት። እነ ቋንና ጓንም አይርሱ። ሰዓቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ደክሞት የተመለሰበት፣ ዓይኑ በእንቅልፍ የከበደበት ቢሆን ይመረጣል። «መ ላይ ሳትደርስ ራት የለም» ይበሉት። በማግስቱ ገበታውን ገና ከሩቅ ሲያይ ማልቀስ ይጀምራል። የአራት ዓመት ልጅ ልቡን ሰብስቦ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ፊደል አይገባውም፣ ፍርሃቱ ግን ይገባዋል።

ቀጥሎ በዜማ ያስወርዱት። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ ሳይተነፍስ እስከ ፖ ሲደርስ ዘመድ ጠርተው ያስጨብጭቡለት። ከመሃል ግን በጭራሽ አይጠይቁት። ጣትዎን ቲ ላይ አሳርፈው «ይህቺስ ማን ናት?» ካሉት፣ ከተ ተነሥቶ እየዘመረ ነው የሚደርስባት። ጆሮው የያዘውን ዓይኑ አያውቀውምና።

ይህን ችግር የኔታ ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚሻገረው ለዚህ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፦ አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ። ሰባት የተለያዩ ፊደላት በሰባት የተለያየ መልክ ይመጣሉ፤ የሀሁ ዜማ እዚህ አያድንም፣ ልጁ የግድ እያንዳንዱን አይቶ መለየት አለበት። እኔ ይህን ከጨዋታ ሁሉ የላቀ ጨዋታ አድርጌ ነው የማየው። ቤት ውስጥም ማድረግ ይቻላል። የብስኩት ካርቶን ቆራርጠው በአንዱ ላይ ቡ፣ በሌላው ዳ፣ በሌላው ጊ ይጻፉ፤ አንዱን ትራስ ሥር፣ አንዱን ጫማው ውስጥ፣ አንዱን መሶቡ አጠገብ ይደብቁ። «ዳን አምጣልኝ» ሲሉት ቤቱን እየዞረ ይፈልጋል። ያገኘውን ፊደል ደግሞ አይረሳውም።

ልጁ ግራ እንዲጋባ ከፈለጉ ሀን፣ ሐንና ኀን በአንድ ቀን ያስተምሩት። «ለምን ሦስት ሆኑ?» ሲል «ዝም ብለህ አጥና» ይበሉት። ሠንና ሰን፣ ዐንና አን፣ ፀንና ጸንም ያክሉለት። እነዚህ በአማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የግዕዝ ነው፣ ክብራቸውም ትልቅ ነው፤ ሆኖም ልጁ ማንበብ ከለመደ በኋላ ቢያውቃቸው ምንም አይጎድልበትም።

ዝምድና ያላቸውንም ፊደላት ዝምድናቸውን ይደብቁበት። ሰ ባርኔጣ ቢያደርግ ሸ እንደሚሆን፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ፣ ዘ ዠ እንደሚሆኑ፣ ጠም ከእግሩ ተለውጦ ጨ እንደሚሆን አይንገሩት። ቡ ክንዷን በቀኝ እንደምትዘረጋ፣ ቢ በቀኝ እግሯ እንደምትረግጥ፣ ቤ እዚያው እግሯ ላይ ቀለበት እንደምታስር ካወቀ፣ ኩን፣ ኪንና ኬን ራሱ ሊገምት ነው። ያን ጊዜ ገበታው ላይ ያለው ሁሉ ለየብቻ የሚሸመደድ መስሎ አይታየውም። ሳድስን ብቻ ይታገሡት፤ ብ፣ ም፣ ርና ስ አንድ ሕግ አይከተሉም፣ ልጅም ቢሳሳትባቸው አያስወቅስም።

ለጣቱ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው እርሳስ ያስጨብጡት፣ አንድ ገጽ ሙሉ በ ያስጽፉት። ሊጥ በተቦካበት ቀን ትንሽ ቆርሰው እንዳይሰጡት ይጠንቀቁ፤ በትሪ ላይ ዱቄት ነስንሰው በጣቱ ለ እንዲጽፍ፣ አጥፍቶም እንደገና እንዲጽፍ አይፍቀዱለት። በ ሁለት እግርና አንድ ጣሪያ ስለሆነች በሦስት ስንጥር እንደምትሠራ ከደረሰበት፣ ማን ያስቆመዋል?

የመጨረሻው ዘዴ ከሁሉ ይበልጣል፦ ከጎረቤት ልጅ ጋር ያወዳድሩት። «እሷ ጨርሳለች፣ አንተ ገና ሀ ላይ» ይበሉት፣ በእንግዳ ፊት ቢሆን ደግሞ ይሠምራል። ወይም ስልክ ሰጥተውት ይሂዱ። ቀጭኔዋ አሻንጉሊት ልጆችን የምታስተምርበት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መልካም ዝግጅት ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ «ይህ ፊደል ስምህ ውስጥ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን ዓይኑ ምስሉን ብቻ ይከተላል። ባሕር ማዶ ለሚኖሩ ወላጆች ይህ ጥያቄ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ልጃቸው በመንገድ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የሱቅ ስም እምብዛም አያይምና።

ይህን ሁሉ ባያደርጉ ይሻላል። እባክዎ ዛሬ ማታ ከልጅዎ ስም የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ይምረጡ፤ በካርቶን ጽፈው ይደብቁለት፣ ሲያገኛት አብረውት ይደሰቱ። መሰልቸት ሲጀምርም ያቁሙ፣ ነገ ይቀጥላሉ።