ጃንጥላና ንፍሮ

በልደታ ሰፈር የከፍተኛው ፍርድ ቤት ችሎትና የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ ከሳሹ በማለዳ ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ «ብረታ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብሎ ሲሳል፣ ተከሳሹም በሌላው በር ገብቶ ያንኑ ጃንጥላ፣ ምናልባትም ዘርፉ ረዘም ያለውን፣ ይሳላል፤ ስለዚህም እመቤታችን በእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ጃንጥላ መክሰሯ አይቀርም። የተረታው ይግባኝ ካለ ግን ተስፋ አለ፤ ጃንጥላውም ከመዝገቡ ጋራ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሻገራል።

ስለትን መንቀፌ አይደለም። ኢያቄምና ሐናም በመካንነት ዘመናቸው ተስለዋል፤ ዳሩ ግን የተሳሉት የሚሰጣቸውን ፍሬ ራሱን መልሰው ለቤተ መቅደስ ሊሰጡ ሲሆን፣ ልጃቸው እመቤታችን 3 ዓመት ሲሞላትም ቃላቸውን ፈጽመዋል። የእኛ ሰው ቪላ ረትቶ ጃንጥላ ያስገባል፤ ያውም በድምፅ ማጉያ ስሙ እንዲነገርለት አደራ ብሎ።

ሌላውን ዐይነት ልግስና ያየሁት፣ የቀድሞዎቹ የቆርቆሮ ቤቶች ፈርሰው በተተኩበት የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ግንቦት 1 ቀን ነው። ሐና እመቤታችንን በሊባኖስ ተራራ ወልዳታለችና በዓሉ ከደጅ ይከበር በሚለው ትውፊት መሠረት፣ የብሎካችን ሰዎች በመኪና ማቆሚያው ላይ ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ ንፍሮው ተዘግኖ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ቡናው በረካ ከደረሰ በኋላ፣ ሰብሳቢው «ለከርሞ ዝክሩን ማን ይረከብ?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ የወረደውን ጸጥታ በቅዳሴ ሰዓት እንኳ አግኝቼው አላውቅም። ነጋዴው የዶላሩን ነገር አነሣ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ጠራ፤ ባለመኪናው ስልኩ ላይ አቀረቀረ። በደረጃው ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ የሚቸረችሩ አንዲት ባልቴት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «እኔ እረከባለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ከየት ያመጡታል?»

«እኔ መቼ ከራሴ አምጥቼ አውቃለሁ፣ ልጄ?» ብለው ተቀመጡ።

በሰራፕታዋ መበለት ቤት ዱቄቱ ከማድጋው፣ ዘይቱም ከማሰሮው እንዳልጎደለ ሁላችንም በስብከት ሰምተናል፤ ዱቄቱ በየት በኩል ይገባ እንደ ነበረ ግን አልተነገረንም። በእኛ ብሎክ የገባው በኀፍረት በኩል ነው። ዓመቱ ሊደርስ ሲል ነጋዴው «ተርፎኝ ነው» ብሎ ግማሽ ኩንታል ስንዴ አስወረደ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ሚስት ሽምብራና ባቄላውን ለቅማ ላከች፤ ባለመኪናውም እንዳይቀርበት ስኳርና ቡና ጭኖ መጣ። ሊቃውንቱ መግቦተ እግዚአብሔር የሚሉት ምሥጢር በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እንዲህ እያለከለከ ሲወጣ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል።

ባልቴቲቱም ንፍሮው እንደ በሰለ መጀመሪያ የዘገኑት በግቢው በር ለተሰበሰቡት ነዳያን ነበር። ሰብሳቢው «አባላቱ ሳይቀምሱ?» ቢሏቸው፣ «አባላቱማ ምሳቸውን በልተው ነው የመጡት» አሉ።

ለቡናው ግን ውኃ ጠፋ፤ ቧንቧው እንደ ልማዱ በበዓሉ ቀን ደርቋል። የተጠሩት ቄስ፣ በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ አጥፍቶ ሳለ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ እንደ ዳነ አስታውሰው ወደ ፎቆቹ ቀና ቢሉ፣ በየበረንዳው ሮቶ የደረደረው ብሎክ ሁሉ ዝም አለ። በመጨረሻም ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ወይዘሮ ሁለት ሙሉ ጀሪካን አስይዘው ልጃቸውን ሰደዱና፣ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ውኃውስ ለማርያም ነው፣ አባቴ፤ ጀሪካኑ ግን ይመለስልኝ!» አሉ።