ሰፋሪ ፍለጋ

ይህ የእህል ወሬ ነው። ፍርድ ቤት የሚል ቃል ከወጣኝ ምላሴ ስታ ነውና አትያዙብኝ።

በጀማና በወንጪት መካከል በተቀመጠችው ዓለም ከተማ ገበያ ላይ ቁና የሚይዝ ሰው ጠፋ እንበል። የቀድሞው ሰፋሪ በድምፅ የተመረጠ ነበር። ከመመረጡ በፊት በየደጃችን እየዞረ እጅ ነሳን። ከተመረጠ በኋላም እጅ ነሳን። ሰፋሪ ብለን ሾምነው፣ ሰፈረብን።

አሰፋፈሩን ላሳያችሁ። እጁን ያነሳለት ሰው ጤፍ ሊሸምት ሲመጣ፣ ቁናውን መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ጤፉ ሲጠቀጠቅ እላዩ ላይ ይቆልልለታል። ላላነሳለት ደግሞ አውራ ጣቱን ከነመዳፉ ቁናው ውስጥ ቀብሮ አፉን በክንዱ ይድጠዋል። ቁናው ያው ቁና ነው። እጅ ማንሳት የረሳ፣ እጅ መንሻ ትዝ ይለዋል።

ለምክር ተሰበሰብን። አንድ አዛውንት ተነሡ። «ይሄ ምኑ አዲስ ነው? የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ባመጣው የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎም ዳኛው በአባላቱ ይመረጥ ነበር። በድንበር ስሟገት ዳኛው መጀመሪያ የቆጠረው ምስክሬን ሳይሆን ዘመዴን ነው።»

«ጋሼ፣ የያዝነው እኮ የቁና ነገር ነው» ተባሉ።

«እኔስ ምን ወጣኝ?»

አንድ ሾፌር ቀጠለ፤ «ሜክሲኮም በ2017 እንዲሁ አድርጋለች።»

«ሜክሲኮ አደባባይ?»

«የለም፣ የበቆሎዋ አገር። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞቿን ሳይቀር ሕዝብ ይምረጥ አለች፤ ከ100 መራጭ የወጣው 13 ያህሉ ብቻ ነው።» የቀሩት 87ቱ፣ ማን እየሰፈረላቸው እንደሆነ ገና ይጠይቁ ይሆናል።

እንግዲህ በችሎታ ይሁን ተባለ። ሰፋሪው ይፈተን፤ ቁናና እንቅብ ይለይ፤ ዘመዱ ሲመጣ ጣቱ የት እንደሚገባ ይታይ። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም እጄን አነሳሁ፤ እጅ ማንሳት ይቅር ለማለት።

ይሄኔ ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ «ተፈታኙን የሚያቀርበው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ተማሪው ልጅ ደብተሩን ገለጠ። «በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81፣ የክልል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ግን ርእሰ መስተዳድሩ ያቀርባል። የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ሕገ መንግሥት አልጠየቅሁህም። በእኛ ገበያ አቅራቢ ማለት ጆንያ የጫነ ነጋዴ ነው። ጤፉንም ሰፋሪውንም አንድ ሰው ካቀረበ፣ ፈተናው የሚፈትነው ማንን ነው?»

ልጁ ደብተሩን ከደነ። ነገሩ ለሚቀጥለው ገበያ ተቀጠረ።

እኔ ግን እስካሁን አልገባኝም። ይግባኝ።