የጠረጴዛው መቀነት

እኛ ቤት ራቁቱን የሚውል ዕቃ የለም። ሶፋው ልብስ ለብሷል፤ ፍሪጁ አናቱ ላይ ዳንቴል ደፍቷል፤ ሪሞቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀለትም። ቁጥሮቹ ከላስቲኩ ሥር ከጠፉ ቆይተዋል፤ ጣታችን በቃሉ ያውቃቸዋል።

ሕግ አውጪዋ እናቴ ናት። የሴት ልጅ ሙያ በኪሮሽ በሚመዘንበት ጊዜ ያደገች በመሆኗ ለቡፌው፣ ለኮመዲኖው፣ ለሬዲዮው ሳይቀር ዳንቴል ሠርታለች። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኛ ቤት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ቢፈጅበትም ከአንቴናው ቀድሞ የተዘጋጀለት ዳንቴሉ ነበር። ያ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ሙቀቱን የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ነበሩት። እናቴ አቧራ ይገባባቸዋል ብላ እነሱንም ሸፈነቻቸው። ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስስ ቴሌቪዥን መጥቶ ዳንቴሉ ማረፊያ ሲያጣ ቅር ተሰኝታለች። «አናት የሌለው ዕቃ ደግሞ ምን ዕቃ ነው?» ትላለች።

የዳንቴል ነገር ግን፣ በእናቴ ፊት አይነገርም እንጂ፣ አብዛኛው ቀዳዳ ነው። አቧራውም፣ ቡናውም፣ ሙቀቱም ያልፍበታል። የዋንዛ ጠረጴዛችን ላይ ትኩስ ድስት ተቀምጦበት ሲነሳ ሰሃን የሚያህል ነጭ ክብ ትቶ ሄደ። አናጢው መጥቶ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገውና «እንጨቱስ ደኅና ነው፤ የታመመው ቆዳው ነው» አለን። ለካ ሙቀቱ እርጥበቱን ቫርኒሹ ውስጥ ያሰርገዋል፤ እዚያው ታምቆ ሲቀር ነው የሚነጣው።

ባለቤቴ መፍትሔ አመጣች፤ በጠረጴዛው ወገብ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ፣ ውስጡ ጥጥ ያለበት ድርብ ልብስ። ከታች አቡጀዲ፣ ከላይ አበባ ያለው የጥጥ ጨርቅ፣ ከመሀል ደግሞ ያረጀ ጋቢ። ጋቢ ድሮም አራት ድርብ ነው፤ በየድርቡ መሀል የታመቀው አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ናይሎን ነክ ጨርቅ እንዳታስገባ ተጠንቅቃለች፤ ትኩስ ድስት ካረፈበት ይቀልጣል። ሁሉንም አስቀድማ አጠበች፤ ጥጥ ከተሰፋ በኋላ ከሟሸሸ ልብሱ ይጨማደዳል። ከዚያ በስፌት መኪናዋ ከመሀል ጀምራ ወደ ዳር፣ አግድም አግድም ወጋችው። ከዳር ከጀመሩት ጨርቁ እየተገፋ መሀል ላይ ይቋጠራል።

ችግር የተነሳው በጋቢው ነው።

«የአባትህን ጋቢ?» አለች እናቴ። «ሰውየው በሕይወቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ጋቢውን ለጠረጴዛ?»

አባቴ እውነትም ቁጭ ብሎ ነበር። «ተዪአት፤» አለ ጋዜጣውን ሳያወርድ፤ «እኔን ስንት ዓመት አሙቆኛል፤ አሁን ደግሞ ሙቀት ይከላከል።»

ሥራው አልቆ ሲዘረጋ እናቴ ዳር ዳሩን በጣቷ እየዳሰሰች ስፌት የሳተበት ቦታ ፈለገች። አላገኘችም። «መቀነት ነው እንጂ የጠረጴዛ ልብስ አይደለም፤» አለች፤ «ወገቡን ብቻ ነው ያሰርሽለት።» ባለቤቴ ዝም አለች። ምራት ናት።

እሑድ እንግዶች መጡ። ባለቤቴ ዶሮ ወጡን ከነድስቱ ይዛ ስትገባ ከመካከላቸው አንዲት ጨዋ ወይዘሮ ብድግ ብለው ተቀበሏት። ድስቱን እንደያዙ ጠረጴዛውን አዩት፤ አበባውን አዩት፤ ስፌቱን አዩት።

«ውይ! እንዲህ የተደከመበትን ሥራማ ወጥ አላስነካውም» አሉና ድስቱን ጠጋ አድርገው ባዶው እንጨት ላይ አሳረፉት።

እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ለባለቤቴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «በግራና በቀኝስ ስንት ክንድ ይበቃዋል?» አለቻት።

አባቴ የለበሰውን ጋቢ ሰብሰብ አደረገ።