ጓንት የለም፣ ማኅተም ግን አለ

ለደንብ አርቃቂዎቻችን ምስጋና ይግባቸውና፣ በዚህ አገር ከታካሚው ይልቅ በጥንቃቄ የሚመረመረው ሐኪሙ ነው። ታካሚው የደም ምርመራ ሲታዘዝለት «ኬሚካሉ አልቋል» ተብሎ ይመለሳል። የሐኪሙ ዲግሪ፣ የፈተና ውጤትና የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ግን ሁልጊዜ የሚያያቸው ሰው አለ። ማኅተሙም አያልቅም።

ሕጉም እንደ ማኅተሙ አላለቀብንም። ምግብን፣ መድኃኒትንና ባለሙያን አንድ ላይ የያዘው አዋጅ ቁጥር 661/2002 ወጣ፤ ደንብ ቁጥር 299/2006 ተከተለው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብና መድኃኒቱን ለብቻው ለይቶ ሲያቆም፣ የባለሙያው ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። በዚያው ዓመት አገር አቀፍ የብቃት መመዘኛ ፈተናም ተጀመረ። ፈተናውን አልነቅፍም፤ አላዋቂ እጅ ሆዴን እንዲቀድ አልሻም። የሚደንቀኝ ፈተናውን ያለፈው ወጣት ሐኪም ብቃቱን በወረቀት ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሥራ ፍለጋ መቆሙ ነው። ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት አገር ሥራ አጥ ሐኪም ማፍራት ራሱን የቻለ ጥበብ ነውና፣ ለዚህም ፈቃድ ሊሰጠን ይገባል።

መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ሆነው ሲያዩት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ኮረብታው ከበባን ያውቃል። በጥር 1888 ዓ.ም. እዚህ የመሸገው የጣሊያኑ ማጆር ጋሊያኖ ጦር እቴጌ ጣይቱ የውኃ ምንጩን አስይዘውበት እጅ ሲሰጥ፣ አፄ ምኒልክ ከነመሣሪያው ሸኙት። ዛሬ ኮረብታው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች በትግራይ ጦርነት ጊዜ ዓይደር ሆስፒታል ውስጥ የገጠማቸው ከበባ ግን እንደ ጋሊያኖ ዘመን አጭር አልነበረም፤ ለጠላት የተደረገው ቸርነትም ለእነርሱ አልደረሰም። ባንክ ተዘግቶ፣ ደመወዝ ቆሞ፣ የተጠቀሙበትን ጓንት አጥበው ደግመው አጠለቁ፤ ቁስል በጨው ውኃ አጠቡ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ገደማ ተዘርፈው ነበር፤ እንደ ወትሮው የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዘራፊው በፈቃድ አልዘረፈምና ፈቃዱን የሚነጥቀው ቢሮ አልተገኘም።

በደንብ ዓይን ካየነው ግን ጥፋተኛው ጓንት አጥቦ የደገመው ሐኪም ነው። መስፈርቱ አዲስ ጓንት ይላል፤ ጓንቱ ከየት እንደሚመጣ ግን አንድ ንዑስ አንቀጽ እንኳ አልተረፈለትም። እንደ ዜጋ ማሻሻያ ሐሳብ ላቅርብ፦ ለታጠበ ጓንት በጥንድ ግማሽ ነጥብ፣ በሞባይል መብራት ለተሠራ ቀዶ ሕክምና ሁለት ነጥብ፣ ራት ሳይበላ ላደረ ተረኛ ሦስት ነጥብ፣ መድኃኒት በማጣት ለሞተ ሕፃን ደግሞ ሐኪሙ የተቀመጠበትን ለቅሶ በሰዓት ቆጥሮ በሥልጠናነት መመዝገብ። የአዳራሽ ኪራይና የሻይ እረፍት ወጪ የለበትም፤ መንግሥትን ያተርፋል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሐኪሞች ሥራ አቁመው ደመወዛቸው እንዲሻሻል፣ ሲታመሙም እንዲታከሙ ጠየቁ። ይህ ድፍረት ነው! ሐኪም መታመሙን የፈቀደለት የትኛው አንቀጽ ነው? በርካቶች ታሰሩ። «ሕዝብን ማገልገል ክቡር ግዴታ ነው» የሚለው ምክርም በየመድረኩ ተደጋገመ፤ የሕዝብ አገልጋይ እንደ መላእክት ያለ ምግብ እንደሚኖር የሚያምን ሰው ብቻ እንዲህ ይመክራል።

የመጨረሻ ሐሳቤ ይህ ነው። ሐኪሙ ፈቃዱን ሲያድስ ፈቃድ ሰጪውም አብሮ ያድስ። ባለሥልጣኑ ከሐኪሙ ጋር ይሰለፍ፤ ባለፈው ዘመኑ ለስንት ሆስፒታል ኦክስጅን እንዳደረሰ፣ ለስንት ሐኪም ደመወዝ በወሩ እንደከፈለ፣ የፈተናውን አላፊዎች የት እንደመደበ የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ። ነጥቡ ካልሞላ ወንበሩ ይታገድ፤ ይግባኝ ካለ ከሰነዱ ጋር አንድ ጉርድ ፎቶ አያይዞ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለስ። ጣጣው ከበዛበት አቋራጭ መንገድ አለ፦ ክቡራን ሆይ፣ የከበባውን ወራት ውዝፍ ደመወዝ ክፈሉ።