ከሐራ ወደ ግራና በእግር

ከሐራ ገበያ ወደ ግራና አቅጣጫ በእግር እንሂድ ያለው ጓደኛዬ ነው። ለባቡር የተደለደለ መንገድ ዳገት አይበዛበትም፤ ቢደክመን ወደ አስፋልቱ ወጥተን ባጃጅ እንይዛለን ተባባልን።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቱርኩ ያፒ መርኬዚ በ2007 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የእኛ አገር ሰው ተስፋው ሌላ ነበር። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘረጋ። ወዲህ ያለው ግን ሲጓተት ቆይቶ ጦርነት መጣበት። በባቡር መንገድ ላይ በእግር መሄድ ሌላ አገርም አለ፤ ስፔኖች ባቡር የተወውን መስመር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምረው ለእግረኛና ለብስክሌት አውለውታል፤ ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የእነሱ ባቡር ግን አገልግሎ ያረፈ ነው። እኛ ዘንድ ባቡሩን መንገደኛው ቀደመው፦ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች፣ ጀሪካን የጫኑ አህዮች፣ ገበያተኛ።

ጠጠሩ ጫማ ይጨርሳል። ከድልድሉ ሥር ለውሃ ማሳለፊያ በተቀበረ የኮንክሪት ቱቦ ውስጥ ፍየሎች ፀሐይ ሸሽተው ታጭቀዋል፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዲት ግልገል በዚያ ግፊያ መሀል እናቷን ትጠባለች።

ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረ። እኛ ያለንበት ጠብታ የለም። አንድ ፈፋ ጋ ስንደርስ ድልድሉ ተቆረጠ፤ ድልድይ አልተሠራለትም። ልንወርድ ስንል ከማዶ አንድ ሽማግሌ እረኛ «አትውረዱ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ግንድ እያላተመ ደፍራሽ ጎርፍ ደረሰ። ቆመንበት የነበረው አፈር ጫፉ ተንዶ ገባ። ጓደኛዬ እጄን ጨብጦ እስኪያመኝ ድረስ አልለቀቀኝም።

«አብሽሩ ልጆቼ፣ እስኪመሽ ይጎድላል» አሉን። እውነትም ጎደለ፤ በበትራቸው ጥልቀቱን እየለኩ መጥተው አሻገሩን፣ ከፎጣቸው ጫፍ የማሽላ ቆሎ ፈተው ሰጡን። በዚህ ፈፋ በየቀኑ ልጆች ለትምህርት ይሻገራሉ። ባቡሩ እስኪመጣ አንድ የእግር መሻገሪያ ቢሠራ ምን ነበረበት? ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«አባባ፣ ባቡሩ ሲመጣ ወዴት ይሄዱበታል?» አልኳቸው።

«እኔማ» አሉ ወደ ከብቶቻቸው ዞረው፣ «እነዚህን በየት በኩል እንደማሳልፍ ነው የምጨነቀው። ለእኛም መተላለፊያ ይተዉልን በልልኝ።»