ጥዱ ይሸፈን!

ግንደወይን ከተማ ሠልጥናለች። ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ከዋናው መንገድ ዳር ካሉት የድሮ የነጋዴ ቤቶች አንዱን አንኳኩቶ ይግባና እግሩ ሥር ይመልከት። አያት በመጥረቢያ ጠርቦ፣ በመላጊያ ልጎ ያነጠፈው የጥድ ጣውላ የት ገባ? ከፕላስቲክ ሥር ነዋ! ፕላስቲኩ ላይ ምን ታትሟል ቢሉ፣ ጣውላ። ያውም ጉጡ ሳይቀር።

ነገሩ ሲያስቡት ብልህነት ነው። የጥድ ወለል አመለኛ ነው፤ ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ ይላል፣ አምሽቶ በገባ አባወራ ላይ ያሳብቃል። ፕላስቲክ ግን ምስጢር ጠባቂ ነው። ጠዋት ጠዋት ባልዲ ሙሉ ውኃ ቢደፉበት ቅር አይለውም፤ ውኃው በጠርዙና በመጋጠሚያው ሾልኮ ይገባና እዚያው ከጣውላው ጋር ይከርማል። ከሥሩ ያለው እንጨት ሲበሰብስ እንኳ ትንፍሽ አይልም።

ደግሞስ ይህ ጥድ ማነውና ነው የሚከበረው? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ብሎ ስማቸውን ከጠራቸው አራት ዛፎች አንዱ ነው፤ የቀሩት ኮሶ፣ ዋንዛና ዝግባ ናቸው። በየገጠሩ ያረጀ ጥድ ቆሞ ማየት የሚሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይፈልግ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። የጥድ ዘይት ስለማይጥመው ምስጥ አይደፍረውም። እንግዲህ ምስጥ ያልደፈረውን የሚደፍር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ተገኘ።

አንዳንድ ኋላ ቀሮች አሉ፣ «ይላግና ይታደስ» የሚሉ። ጣጣውን ስሙልኝ። መጀመሪያ ብቅ ያለው ምስማር ሁሉ አናቱ ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ አለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን ይዘነጥለዋል። ከዚያ የጠቆረው ገጽ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ በ40 ቁጥር፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይፈገፈጋል። አግድም የፈገፈገ ሰነፍ ቫርኒሹ ሲቀባ ይጋለጣል፤ ጭረቱ አንድ በአንድ ይቆጠርበታል። ከ40 ወደ 80፣ ከ80 ወደ 120። ክፍተቱ ከዚያው ከወለሉ በወጣ ሰጋቱራና በኮላ ይደፈናል። ብናኙ በደረቅ፣ ቀጥሎም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ቫርኒሽ፣ መጠበቅ፣ በስሱ መፈግፈግ፣ ደግሞ ቫርኒሽ። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ቤተሰቡ ጎረቤት ይጠጋል፤ ቤቱም ጥድ ጥድ ይሸታል፣ ምን ይሉታል ይሄን! ትርፉስ? ከወለሉ ላይ የተነሣው አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጣውላው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ልጅም፣ የልጅ ልጅም መልሶ ሊልገው ነው። ታዲያ የፕላስቲክ ነጋዴው ምን ይብላ?

አዲስ አበባ ነገሩ ከእኛ ቀድሞ ገብቷታል። እዚያ ፓርኬ እየተነቀለ ሴራሚክ ይነጠፋል፤ ሴራሚኩ ሲሰለች ላሚኔት ይመጣል። ላሚኔት ማለት ከሥር የታመቀ የእንጨት ብናኝ፣ ከላይ የእንጨት ፎቶግራፍ ነው። አይላግም፤ ፎቶው ይጠፋላ። አገር ያላበቀለውን ዛፍ ፎቶ ከባሕር ማዶ በዶላር አስመጥቶ መርገጥ፣ ይህ ነው ኑሮ። ጣይቱ ሆቴል ግን ከመቶ ዓመት በላይ በእንጨት ወለሉ ላይ ግትር እንዳለ አለ። በ2007 ዓ.ም. ጥር እሳት ገብቶበት እንኳ አልተማረም።

እኔም ከኋላ ቀሮቹ ወገን እንዳልባል እንጂ፣ በቅርቡ ግንደወይን አንድ ዘመድ ቤት የፕላስቲኩን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ ነበር። በር አጠገብ ጣውላው በስብሷል፤ ጥፍሬ የራሰ ቂጣ ውስጥ እንደሚገባ ሰምጦ ገባ። አልጋው ሥር ግን ውኃ ያልደረሰበት ቦታ ነበር። በሳንቲም ጠርዝ ፋቅ ባደርገው ጥቁሩ ተነሣና ቀይ እንጨት ወጣ፤ አሸተትኩት፣ ገና ጥድ ነው።

«ተው እንጂ ልጄ፣ ገመናችንን አትግለጥ!» አሉና እትዬ ጠርዙን በእግራቸው መልሰው ደፈጠጡት። «ለልጅቱ ሠርግ ከዚህ ላይ ሌላ እንደርብበታለን። ነጋዴው ቃል ገብቶልኛል፤ የአሁኑ የዋንዛ መልክ ያለው ነው አለኝ።»